ዘነበች ምን ትፈልጋለች?

ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ረቡዕ

ኮተቤ የምታስተምረው ልጅ፣ የቅዳሜው የንባብ ጉባኤያችን ታናሽ፣ አዲስ አጭር ልብ ወለድ አድርሳኛለች። ከእንጦጦ እንጨት ስለምታወርድ ሴት ነው። ቃል አታባክንም። ሌሊት አሥር ሰዓት መነሣቱን፣ የባሕር ዛፉን ሽታ፣ ጭራሮው ጀርባ ሲወጋ፣ ገመዱ ትከሻ ላይ የሚተወውን ሰምበር ሁሉ አሳምራ ጽፋዋለች። ዝናብ ይወርድባታል። ትወድቃለች። የደን ጥበቃ ሸክሟን ይቀማታል። ልጇ ይታመማል። ታለቅሳለች።

ጨርሼ እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩት። ሸክሙን አየሁት፣ ሴትዮዋን ግን አላየኋትም። ሸክሙን ስታወርድ ወዴት እንደምትሄድ፣ በማን እንደተቀየመች፣ ምን እንደሚያስቃት የሚናገር አንድም መስመር የለም። ስም እንኳ አልተሰጣትም፤ ከዳር እስከ ዳር «እናት» ናት።

ነገሩ የዚህች ልጅ ብቻ አይደለም። ስለ እንጦጦ ካነበብኳቸው ግጥሞችና ካየኋቸው ሥዕሎች አብዛኞቹ እነዚህን ሴቶች የሚያሳዩን ጎንበስ እንዳሉ ነው። ከርኅራኄ የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ያዘንንለት ሰው ሁሉ አብሮን አይቆይም። መንገድ ላይ ስናየው ከንፈር መጥጠን እናልፋለን፤ መጽሐፍ ውስጥ ስናገኘውም ከንፈር መጥጠን ገጹን እንገልጣለን። ደራሲ የሚያስፈልገው ከዚያ ወዲያ ላለው ነው። ቅዳሜ ይህን ሳላስከፋት እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ነው።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

የልጅቷን ታሪክ ከመክፈታችን በፊት ሁሉንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ «ከ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ሰዎች የእናንተ ሰው ማን ነው?»

በዛብህን የጠራ አንድ ልጅ ነው። ሁለቱ ሴቶች ሰብለ ወንጌል አሉ። የቀሩት ሁሉ ባንድ አፍ ጉዱ ካሣ አሉ።

ይህ የሚያስደንቅ ነገር ነው። መጽሐፉ የበዛብህና የሰብለ ነው፤ ርእሱም የነሱ ነው። ቴዲ አፍሮም በ2009 ዓ.ም «ማር እስከ ጧፍ»ን ያዜመው ለነሱ ፍቅር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም ካሳተሙት ወዲህ ግን ሰው በየቡና ቤቱ፣ በየቢሮው ስሙን አንሥቶ የማይጠግበው ካሣ ዳምጤን ነው። ከመንደሩ የተለየ ነገር የተናገረ ሰው ሁሉ «ጉዱ ካሣ ሆንክብን እኮ» ይባላል። መጽሐፉን ያላነበበ እንኳ ይህን ይላል።

«ለምን?» አልኳቸው።

«እውነት ስለሚናገር» አለ አንዱ።

እውነት መናገርማ አደፍርስም ይናገራል። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም ያሳተሙት «አደፍርስ» የተማረ ወጣት አለው፤ አሮጌውን ሥርዓት ይሞግታል፣ ይከራከራል፣ ብዙውን ጊዜም ልክ ነው። መጽሐፉን በጣም እወደዋለሁ። ሆኖም ጓደኛውን «አንተ አደፍርስ» ብሎ የሚጠራ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ከዚያ መጽሐፍ እኔን ተከትላኝ የወጣችው ባለርስቷ ወይዘሮ አሰጋሽ ናት፤ ሐሳቧ ሁሉ ከእኔ ሐሳብ ጋር የሚጣላው ሴትዮ።

እንግዲህ አንባቢን የሚይዘው የገጸ ባሕርዩ ሐሳብ ትክክል መሆኑ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ጉዱ ካሣ የሚተቸው ቤት የራሱ ቤት ነው፤ የሚነቅፋቸው ሰዎች ዘመዶቹ ናቸው። ዝም ቢል ይከበራል፣ ወንበር ይለቀቅለታል። ዝም አይልም፤ ስለዚህ እብድ ይሉታል። እሱ ግን ጥሏቸው አይሄድም። ሲመክር፣ ሲያስጠነቅቅ፣ ለሁለቱ ልጆች ሲጨነቅ እናገኘዋለን። የሚፈልገው ነገር ግልጽ ነው፤ ሳይዋሽ ከወገኖቹ ጋር መኖር። ይህን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ፣ ወይም ስብሰባ ላይ አለቃው ሲናገር ከንፈሩን ነክሶ ያልፈለገ ሰው ማን ነው? አንባቢው ጉዱ ካሣን ሲያነብ የራሱን የተዋጠ ንግግር ይሰማል። ካሣ ደግሞ አልዋጠውም፣ ዋጋውንም ከፈለ።

የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ በጣሊያን ወረራ ዘምተው፣ ተማርከው፣ ጣሊያን አገር ታስረው የተመለሱ፣ ኋላም በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ጭሰኛው የተሸከመውን ያውቃሉ፤ መጽሐፉም አይሸፋፍነውም። ፊታውራሪውን አውሬ አድርገው ቢስሏቸው ማን ይፈርድባቸው ነበር? እሳቸው ግን እምነት ሰጧቸው። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ክብር ከልባቸው ያምናሉ። ሰብለን የሚጠይቃት ሁሉ ለቤታቸው አይመጥንም፤ ዓመቱ ይነጉዳል፣ ልጅቷ ቆማ ትቀራለች። በሩን የዘጉባት ጠልተዋት አይደለም፤ አባትነት እንዲህ ነው ብለው ነው። ስለዚህ በአንድ ገጽ እንስቅባቸዋለን፣ በሌላው እንናደድባቸዋለን፣ ጥቂት ቆይቶም ሆዳችን ይባባላቸዋል።

ቶልስቶይም አና ካሬኒናን በመጀመሪያ ረቂቆቹ ላይ ሲጀምራት የማታስወድድ ሴት ነበረች ይባላል። ደጋግሞ ሲጽፋት፣ ከእሷ ጋር ውሎ ሲያድር ነው ዛሬ የምናውቃት አና የሆነችው። ደራሲ ገጸ ባሕርይውን እየወደደ ካልሄደ አንባቢ ከየት አምጥቶ ይወድዳል?

በመጨረሻ ወደ ልጅቷ ታሪክ ተመለስን። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፤ «እናት ምን ትፈልጋለች?»

«ማረፍ» አለችኝ።

«እሱን በቅሎም ይፈልጋል፤ ሌላ ፈልጊላት» አልኳት። ተከፋች። ደብተሯን ግን አልዘጋችም።

ጥር 21፣ ረቡዕ

አስተርእዮ ማርያም። በማለዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥቼ በሽሮ ሜዳ በኩል እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡባት ደብር ናት፤ ከቤተ መንግሥታቸው የቀረውም እዚያው አጠገቧ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሕዝቡ ግን ከቅጥሩ ውጭ እስከ አስፋልቱ ሞልቷል።

ታቦቱ ዑደት አድርጎ ከገባ በኋላ ሰው ሲበተን አንዲት ሴት «ጋሼ፣ ዛሬ አላወቁኝም!» አለችኝ።

ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፣ ነጠላዋን አጣፍታለች፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል። ያወቅኋት በድምጿ ነው። ወደ ጉራራ በሚወርደው መንገድ ማለዳ ስንገናኝ ከጭራሮው ሥር «እለፉ ጋሼ፣ እለፉ» የምትለኝ ሴት ናት። በበዓል እንጨት አይለቀምም። መንገዱም፣ ጀርባዋም ባዶ ነው።

ከጓደኞቿ ጋር ነበረች፤ እስከ መኪናው መንገድ አብረን ወረድን። የሚያወሩት ስለ ዕቁብ ነው። የእሷ ዕጣ ደርሷል። የመብራት ምጣድ ልትገዛ ነው።

«ካሁን በኋላ የኔ ቤት እንጀራ በጭስ አይጋገርም። እንጨቱ ለገዢ ነው!» አለች።

«መብራት ሲጠፋስ?» አለቻት አንዷ።

«መብራት ሲጠፋ አንቺ ቤት እመጣለኋ!»

ሳቃቸው መንገደኛውን ሁሉ አዞረው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም ከተከፈተ ወዲህ እዚህ የሚመጣው ሰው ለፈረስና ለብስክሌት፣ ለቡናና ለፎቶ ነው፤ ጥቂት ወጣቶች ቆም ብለው አዩአቸው። ለእነሱ ሦስት ምእመናን ናቸው፤ ነገ በሸክም ቢያዩአቸው የሚለዩአቸው አይመስለኝም።

ቤቴ ገብቼ ለልጅቷ ስልክ ደወልኩ። ያየሁትን አልነገርኳትም። «በበዓል ቀን፣ ቢጠፋ በእሑድ፣ እንጦጦ ውጪ» ብቻ አልኳት።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

እሑድ ወጥታ ነበር። ዛሬ ደብተሯን ሞልታ መጣች። ከሴቶቹ ጋር ቡና ጠጥታለች፤ የዕቁቡንም ነገር ሰምታለች። የያዘችው ጥያቄ ግን ከባድ ነው፤ «ጋሼ፣ የሰው ታሪክ ወስጄ ብጽፍ ሌብነት አይሆንም?»

የበዓሉ ግርማን ነገር አነሣሁላት። በ1972 ዓ.ም የወጣው «ደራሲው» ሲራክ የሚባል ጸሐፊ አለው። ሲራክ ከስብሐት ገብረእግዚአብሔር የተቀዳ መሆኑን ከተማው ሁሉ ሲያወራው ኖሯል። ያኔ ስብሐት በሕይወት ነው፤ አንባቢው መጽሐፉን አጥፎ መንገድ ላይ ከሰውየው ጋር ይገናኛል። ነገር ግን ስብሐትን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ እሱ በ2004 ዓ.ም ካረፈ በኋላ ያደገ ልጅም ሲራክን ያነብና ይያዝበታል። ሰው ከሕይወት መጥቶ መጽሐፉ ውስጥ ሁለተኛ እግር ካላወጣ፣ የሚያውቁት ሲያልፉ እሱም አብሮ ያልፋል። ሲራክ አውጥቷል።

«ኦሮማይ»ን ደግሞ አንሡ። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም አሥመራ ላይ ከፊያሜታ ጊላይ ጋር ይገናኛል። ፊያሜታ ከእሱ የምትሰውረው ነገር አላት። እንደምትወደው እናያለን፤ እንደምትደብቀውም እናያለን። ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬም «በእርግጥ ወዳው ነበር?» ብለው ይጨቃጨቁባታል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም ወጣ፣ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ወሩ የካቲት ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ ይህን ስናገር ክፍሉ ጸጥ አለ። እውነተኛ ሰው የሚመስል ሰው መፍጠር በዚህ አገር በነፍስ ያስጠይቅ ነበር። ቀላል ሥራ አድርገን የምናየው ካለን ይህን እናስብ።

ለልጅቷ የመለስኩላት እንዲህ ብዬ ነው። ፍላጎቱን ውሰጂ፣ ሴትዮዋን ተያት። ስሟን፣ ሰፈሯን፣ የልጆቿን ነገር፣ ፊቷን አትንኪ። ምጣዱን የፈለገችበት ምክንያት የእሷ ነው፤ የአንቺዋ ሴት የራሷን ምክንያት ታምጣ። እኔም እዚህ ማስታወሻ ላይ ስሟን ያልጻፍኩት ለዚህ ነው።

«እንግዲያው ዘነበች ትባል» አለች። እሺ፣ ዘነበች ትባል።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ከመገናኛ ኮተቤ በታክሲ። ከፊቴ አንዲት አሮጊት ከረዳቱ ጋር ስለ መልስ ይከራከራሉ። እሱ «እማማ፣ ዝርዝር የለኝም አልኩ እኮ» ይላል። እሳቸው «የለህማ፤ ለኔ ሲሆን መቼ ኖሮህ ያውቃል» ይሉታል። ሁለቱ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ናቸው። በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን የአሮጊቲቱን የዕድሜ ልክ ቅሬታ ሰማሁ።

የብዙ ወጣት ጸሐፊዎቻችን ገጸ ባሕርያት ሁሉም በደራሲው አፍ ነው የሚናገሩት። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ አገሩ ሁሉ ጆሮውን የሰጠው በድምፁ ማማር ብቻ አልነበረም። መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አንደበት ሰጥቶለት ነበር። ፊታውራሪው ሲናገሩ ስም ሳይጠራ እሳቸው መሆናቸው ይታወቃል። ደካማ ጽሑፍ ለወጋየሁም ቢሰጡት ሁሉም ሰው ወጋየሁ ይሆን ነበር።

ለቅዳሜ የቤት ሥራ፤ የተናጋሪዎቹን ስም ሰርዛችሁ ንግግሩን ብቻ ለሌላ ሰው አስነብቡ። ማን እንደተናገረ ካልለየ እንደገና ጻፉ።

የካቲት 16፣ እሑድ

ኪዳነ ምሕረት። ዘንድሮ ከቅበላ ጋር ገጠመች፤ ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። የሰፈሩ የሥጋ ቤቶች ሰልፍ ሌላ ነው። እኔ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አስቀደስኩ፤ እንደየዓመቱም የበላዔ ሰብእ ታሪክ ተነገረ።

ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ግን በዚህ ሁሉ ወር ሐሳቤ ምክንያት በሌላ ጆሮ ሰማሁት። ስለ ሃይማኖቱ የሚያስተምሩ አባቶች አሉ፤ እኔ የማነሣው አተራረኩን ብቻ ነው።

ሰውየው ሰው በላ ነው። ሰባ ስምንት ነፍስ በልቷል። ተራኪው ቁጥሩን አይቀንስለትም፣ «ልጅነቱ ከፍቶ ነው» ብሎም አይማልድለትም። ከዚያ አንድ በለምጽ የተጎዳ፣ በጥም የተቃጠለ ድኻ ያገኘዋል። ውሃ ይለምነዋል። በእግዚአብሔር ስም ይለምነዋል፣ አይሰጠውም። በሌላም ስም ይለምነዋል፣ አይሰጠውም። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ይቆማል። ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል። ፍርድ ቀን ሚዛኑ ላይ ያች ጥርኝ ውሃ ሰባ ስምንቱን ታነሣለች።

ቤተ ክርስቲያኑን የሞላው ሕዝብ ጭንቀት የሚይዘው ሚዛኑ ጋ ሲደረስ ነው። ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል፣ መጨረሻውንም ያውቃል፣ ግን ዛሬም አጠገቤ የነበሩ እናት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይጠብቁ ነበር። ለሰው በላ! መልካም ነውና አዘንኩለት የሚል የለም። ሰውየው አንዴ እምቢ አለ፣ ደግሞ እምቢ አለ፣ ከዚያ አንድ ነገር መረጠ። ምርጫው ትንሽ ነው፤ ትንሽ ስለሆነ እያንዳንዱ አድማጭ በእጁ ሊያደርገው ይችላል። ከእምቢታው ባይጀምር ኖሮ ግን ያ ውሃ ተራ ውሃ ይሆን ነበር።

የዚህ ታሪክ አድማጭ ሆኖ ያደገ ሕዝብ ለገጸ ባሕርይ እንግዳ አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን፣ ኋላ «ጦቢያ» የተባለውን፣ ሲያሳትሙ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ሆነ። ያነበቡት ሰዎች ግን ለክፉ ሰው ነፍስ መጨነቅን ከዚያ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ጸሐፊዎቻችን የገጸ ባሕርይ አሣሣል መመሪያ ከውጭ ሲፈልጉ ሳይ ይህን ማስታወስ እፈልጋለሁ። መመሪያውም ይነበብ፤ ነገር ግን ይህ ጥርኝ ውሃ በእጃችን ነው።

ማታ ለልጅቷ አጭር መልእክት ጻፍኩላት፤ «ዘነበች አንድ ነገር እምቢ ትበል።»

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ነገ ዓድዋ ነው፤ ሁለት ልጆች ለበዓሉ ልምምድ ሄደው ቀሩ። የመጣነው ክፍሏን ሞላናት።

ልጅቷ አዲሱን ጽሑፍ አነበበች። ሸክሙ አሁንም አለ፤ ግን የሚነሣው በሁለተኛው ገጽ ነው፣ ያውም በአንድ ዓረፍተ ነገር። ታሪኩ የሚጀምረው ዘነበች የዕቁቡን ገንዘብ ቆጥራ ቀሚሷ ውስጥ ስትሰፋው ነው። በዚያው ሳምንት የሸክም ጓደኛዋ፣ ሌሊት ሌሊት አብራት የምትወጣው ሴት፣ ልጇ ታሞባት ብድር ትጠይቃታለች። ዘነበች «ዕቁቡ ገና አልደረሰኝም» ትላለች። ዓይኗን ሳታሽ። በማግስቱ ምጣዱን ትገዛለች። በመጀመሪያው ቀን የጋገረችውን እንጀራ ከላይ ከላይ አንሥታ በጨርቅ ትጠቀልልና ለጓደኛዋ ልጆች ትወስዳለች። ጓደኛዋ እንጀራውን ቆርሳ ታየዋለች። «ዓይኑ እንዴት ያምራል፤ ጭስ ጭስም አይልም» ትላለች። እዚያ ላይ ይቆማል።

ልጅቷ ወረቀቱን ሳታስቀምጥ ጭቅጭቁ ተነሣ።

«ጨካኝ ናት!» አለ አንዱ። «ልጅ ታሞ?»

«የስንት ዓመት ጭስ ዓይኗን ያጠፋት ሴት ናት፤ ለአንድ ጊዜ ለራሷ ብታደርግ ምን ነውር አለው?» አለችው ሌላዋ።

«እንጀራውን ለምን ወሰደች ታዲያ? ልትካስ ነው ወይስ ልታሳይ?»

ይህን የጠየቀው ባለፈው ወር ‹እናት›ን ሰምቶ «ያሳዝናል» ብሎ ዝም ያለው ልጅ ነው። ዛሬ ከወንበሩ ተነሥቷል። አንድ ልጅ እናቱ ጎረቤቷን እንዲህ ዋሽታ እንደነበረ መናገር ጀመረ፤ ከዚያ አቆመ፤ ከዚያ እንደገና ጀመረና ጨረሰው። ማንም አልቸኮለበትም።

እኔ ለዘነበች ወገንኩ። ውሸቷን አልወደድኩትም፤ እሷ ግን ገባችኝ፣ ምጣዱም ገባኝ። እንጀራውን ጠቅልላ ስትሄድ በልቧ ያለውን ልጅቷ አልጻፈችውም። ደግ አደረገች፤ እሱን ለእኛ ትታልናለች። ያልወደድኩት ነገርም አለ፤ የጓደኛዋን ልጅ ሕመም ጫን አድርጋዋለች፣ የድሮው ‹እናት› እዚያ ጋ ብቅ ትላለች። ነገርኳት፤ እሷም ምልክት አደረገችበት።

መጨረሻ ላይ አንዷ «ጓደኛዋ ግን አውቃለች?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ያወቀች ይመስለኛል» አለች። ቆየት ብላ፣ «አውቃም እንጀራውን ተቀብላታለች» አለች።

ይህን ስትል እሷ ራሷ የደነገጠች መሰለችኝ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ቀን ከጓደኛዋ ወገን ጽፋ እንድትመጣ ተስማማን።